ቆጋ ግድብ ላይ ከዳር ሆኖ ዓሣ ለማጥመድ ጥሩ ቦታ እንዴት ይገኛል?

«ቆጋ ላይ መንጠቆ ይዤ የት ልቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ዓሣው የት እንዳለ ነው። ያለ ጀልባ ከዳር ለሚያጠምድ ሰው ግን ከዓሣው የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የማንንም ማሳ ሳትረግጡ ውሃው ድረስ የሚያወርድ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዘንጋችሁ በሚደርስበት ርቀት ጥልቀት ያለው ውሃ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉና ቦታውን ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት የማይፈልገው ከሆነ፣ ዓሣው አያስቸግርም።

ከዚህ በታች ያለው ለመርዓዊው ቆጋ የተጻፈ ነው። በጎጃም ሌላ የመስኖ ግድብ ላይ ለምታጠምዱም አካሄዱ ያው ነው፤ ወሩና ርቀቱ ብቻ ይለያያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጉግል ኧርዝ ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር። የምትፈልጉትን ምስል ቤት ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ዳር ላይ ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትውጡ።
- ጥልቀት መለኪያ፦ 15 ሜትር ሲባጎ፣ ጫፉ ላይ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚመዝን ብረት (ትልቅ ብሎን ከነዳዶው ይበቃል)። ሲባጎውን በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቋጥሩት፤ አንድ ክንድ ማለት ነው።
- ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚረዝም ደረቅ ቀርከሃ። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀጭኑና ቀጥ ያለው ጥሩ ነው። እርጥቡ ይከብዳል፣ ጫፉም ይጎብጣል።
- ክር፦ ለቆሮሶ (ቲላፒያ) 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለአምባዛ (ካትፊሽ) 0.40 ሚሊ ሜትር።
- መንጠቆ፦ ለቆሮሶ ከቁጥር 8 እስከ 10፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0። በተራው ቁጥር፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ዜሮ ያለበት ግን ተቃራኒው ነው፤ ስትገዙ በዓይናችሁ አይታችሁ ምረጡ።
- ቡሽ፣ ትንንሽ እርሳስ፣ ትልና ሊጥ።
- ቦቲ ጫማ፣ ጠንካራ ምርኩዝ፣ ፎጣ፣ የሚጠጣና የሚያስታጥብ ውሃ፣ መታወቂያ።

የሚወረወር ዘንግ ከነመጠቅለያው ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ለመጀመሪያው ቅኝት ግን ቀርከሃው ይሻላል፤ ቦታው ጥሩ ይሁን አይሁን ቶሎ ያሳውቃችኋል።

1. ውሃው በዚህ ወር የት እንደሚደርስ እወቁ

ቆጋ ሲሞላ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የሚሸፍነው ደግሞ ከ17 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አካፍሉት፤ አማካይ ጥልቀቱ 5 ሜትር አይሞላም። ሰፊና ጠፍጣፋ ውሃ ነው ማለት ነው። ዳሩ በ50 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድበት ቦታ ላይ፣ ውሃው አንድ ሜትር ሲቀንስ ዳሩ 50 ሜትር ይሸሻል። በጥቅምት ዓሣ ያወጣችሁበት ጥግ በመጋቢት የከብት ግጦሽ ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ውሃው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሙሉ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ለስንዴው፣ ለድንቹና ለሽንኩርቱ መስኖ ሲለቀቅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በግንቦት መጨረሻ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ሳይሆን ሦስት ቦታ ፈልጉ፤ ለሙሉው፣ ለግማሹና ለጎደለው ውሃ።

2. የግንቦቱን ምስል አውጡ

ጉግል ኧርዝ ላይ የቆዩ የሳተላይት ምስሎችን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ አማራጭ አለ። በሚያዝያ ወይም በግንቦት የተነሳ ምስል ፈልጉ፤ ከዚያ በጥቅምት ወይም በኅዳር የተነሳውን ክፈቱ። ሁለቱን እያቀያየራችሁ ተመልከቱ።

የምትፈልጉት የሁለቱ ምስሎች ዳር እርስ በርሱ የሚቀራረብበትን ቦታ ነው። እዚያ መሬቱ ቁልቁል ነው፤ ውሃው ሲጎድልም ብዙ አይሸሽም። ዳሩ በሁለቱ ምስሎች መካከል ሰፊ ቡናማ ሜዳ ከሆነ ተዉት። በጎደለው ምስል ላይ ደግሞ እነዚህን ለዩ፦

- የድሮው የቆጋ ወንዝና የገባሮቹ መሄጃ። እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩ ወደ ዳር የሚጠጋበት እጥፋት ከሁሉም የተሻለው ቦታ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ዓሣው እዚያ ይሰበሰባል።
- ወደ ውሃው ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን ጉብታዎች። ሁለት ጎን ስላላቸው ንፋስ ሲነሳ ወዲያ ማዶ መዞር ይቻላል።
- አፈር የተወሰደባቸው ጉድጓዶችና ውሃ የዋጣቸው የድሮ መንገዶች። መንገዱ ስር ጠንካራ መሬት አለ፤ እግር አይሰምጥም።

አምስት ወይም ስድስት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ከስድስቱ ሁለቱ ከተሳኩ ቅኝቱ ሠርቷል።

3. ሳትወርዱ ጠይቁ

ግድቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ አይደለም፤ ጥበቃ አለው፣ የመስኖ አስተዳደር አለው፣ በመረብ የሚተዳደሩ ዓሣ አስጋሪዎች አሉበት። የዓሣ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። መርዓዊ ላይ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ በመንጠቆ ለማጥመድ ምን እንደሚያስፈልግ፣ የተከለከለ ወር ወይም የተከለከለ ቦታ እንዳለ ጠይቁ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታም በዚያው ሳምንት አጣሩ፤ የባለፈው ወር ወሬ አይበቃም።

ቀጥሎ አስጋሪዎቹን አናግሩ። ዓሣ ከሚወርድበት ዳር ጠዋት ብትደርሱ ታገኟቸዋላችሁ። የምትጠይቁት «ዓሣ የት አለ?» ብላችሁ አይደለም፤ ይሄን ለማንም አይናገሩም፣ መናገርም የለባቸውም። «መረባችሁ የሌለበት ዳር የትኛው ነው?» በሉ። በዚህኛው ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁና መልሱ ቶሎ ይመጣል።

4. መውረጃውን በእግር ፈትሹ

የመጀመሪያው ቀን ያለ ዘንግ ይሁን። ዘንግ የያዘ ሰው ውሃውን ነው የሚያየው፤ ዛሬ መታየት ያለበት መንገዱ ነው።

ከመንገድ እስከ ውሃው ድረስ ብዙውን ጊዜ የሰው ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ተክል ወይም የግጦሽ መሬት አለ። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት የተረገጠ መንገድ ካለ በእሱ ውረዱ፤ የሁሉም ነውና ማንም አይከለክላችሁም። ከሌለ በሁለት ማሳ መካከል ባለው ወሰን ሂዱ። የተዘራ መሬት ላይ፣ ቡቃያው ገና ባይታይም እንኳ፣ አትግቡ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ባዶ መስሎ ቢታይም ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ ባሕር ሸሽ ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ የዘራ ሰው ማሳውን ከማንም በላይ ነው የሚጠብቀው።

ሰው ካገኛችሁ ቆማችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባ? በዚህ ወሰን ወርጄ ውሃው ዳር ብቀመጥ የማስቸግረው ሰው አለ?»

«ምን ልትሠራ ነው ልጄ?»

«በመንጠቆ ዓሣ ላጠምድ ነው። ማሳ አልረግጥም፣ እሳትም አላነድም።»

ይህን ያህል ይበቃል። ከዓሣው ትንሽ እንደምታካፍሉ ቃል የምትገቡ ከሆነ አድርጉት፤ ካላደረጋችሁት በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱ የለም። የእሾህ አጥር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ ከብት ሽንኩርት ውስጥ ከገባ ስማችሁ ነው የሚነሳው።

ከግድቡ በታች ባለው የመስኖ ቦይ በኩል የምትመጡ ከሆነ ድልድይ ወይም መሻገሪያ ባለበት ብቻ ተሻገሩ። በኮንክሪት የተለበጠ ቦይ ጎኑ ተዳፋትና በአረንጓዴ ዝቃጭ የተለበሰ ነው። የወደቀ ሰው የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፤ ውሃውም ይወስዳል።

5. ቦታውን ማን በስንት ሰዓት እንደሚፈልገው አጥኑ

ሰው የበዛበት ግድብ ሁልጊዜ ሰው የበዛበት አይደለም። ያው አንድ ዳር በቀን ውስጥ ባለቤቱ አራት ጊዜ ይቀያየራል።

ጎሕ ሲቀድ እስከ 1 ሰዓት አካባቢ አስጋሪዎች ማታ የዘረጉትን መረብ ያነሳሉ። በዚህ ሰዓት ታንኳ የሚወጣበት ዳር ላይ አትቀመጡ። ረፋዱ ላይ ልብስ የሚያጥቡና ውሃ የሚቀዱ ይመጣሉ። ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ከብት ውሃ ይጠጣል፤ ዳሩ ይደፈርሳል፣ ቆሮሶም ይርቃል። አመሻሽ ላይ መረብ እንደገና ይዘረጋል። ስለዚህ የእናንተ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 እና ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው።

በታኅሣሥና በጥር ውርጩ ስለሚበረታ (ግድቡ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው) ቆሮሶ ፀሐይ ዳሩን እስክታሞቀው አይንቀሳቀስም፤ ከ3 ሰዓት በፊት መቀመጥ ብርድ መታቀፍ ነው።

የገበያ ቀን ዳሩ ጭር ይላል። በበዓል ቀን፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ እርሻ ስለማይኖር ልጆችና ወጣቶች ውሃው ላይ ይበዛሉ፤ በበዓል መንጠቆ ይዞ መታየት የማይወደድበት መንደርም ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። በዐቢይ ጾም ደግሞ የዓሣ ገበያ ይደራል፣ መረቡም በዚያው ልክ ይበዛል። ዓመቱን ሙሉ የለመዳችሁት ጥግ በእነዚያ ሳምንታት ሊታጠር ይችላል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦታ የምትፈልጉት ያኔ ነው።

6. ጥልቀቱን ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የውሃው መልክ ጥልቀት አይናገርም፤ ደፍርሶ የጠቆረ ውሃ ጉልበት ላይሞላ ይችላል።

ሀ. ሲባጎውን በቀርከሃው ጫፍ ላይ አሳልፉና ሌላውን ጫፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ብረቱን ከዳር 2 ሜትር ርቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። ሲባጎው ሲላላ ብረቱ መሬት ነክቷል ማለት ነው። ስታወጡት የረጠበውን ቋጠሮ ቁጠሩ።

ለ. በ4 ሜትር፣ ከዚያ ዘንጉ በሚደርስበት ጫፍ ላይ ድገሙት።

ሐ. ወደ ግራና ወደ ቀኝ 10 ሜትር ሄዳችሁ እንደገና ለኩ።

ጥሩ ቦታ የሚባለው በ4 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 3 ቋጠሮ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል፣ ያለው ነው። ለአምባዛ 2 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በ4 ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ ብቻ ካገኛችሁ ያ ዳር ለቀርከሃ አይሆንም፤ ጥላችሁንና የእግራችሁን ኮቴ ዓሣው ቀድሞ ያውቀዋል።

ብረቱ ሲወጣ ምን እንደያዘ ተመልከቱ። ጥቁር ለስላሳ ጭቃ ካለበት አምባዛ ይወደዋል። ጠጠር ወይም ቀይ አፈር ከሆነ መቀመጫውም አስተማማኝ ነው። ሣርና ቅጠል ካመጣ መንጠቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ቆሮሶ እዚያ ይግጣል፣ ስለዚህ አትጣሉት፤ ሁለት ክንድ ራቅ ብላችሁ ከሣሩ ጠርዝ ላይ ጣሉ። ብረቱ ተይዞ ከቀረ ጉቶ ወይም የተቀደደ መረብ አለ። ሲባጎው ርካሽ ነው፤ መንጠቆና ዓሣ ከማጣት ይሻላል።

7. መሬቱን በምርኩዝ ሞክሩ

ውሃው የሸሸበት መሬት ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ሥሩ ግን ገና ሊጥ ነው። ዋልካ ሲሆን ይብሳል። ምርኩዙን በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት፤ ከአንድ ጋት በላይ ከሰመጠ አትራመዱ። የከብት ኮቴ የሚያሳየውን እመኑ፦ ትኩስ ኮቴ ጥልቀት ከሌለው መሬቱ ይሸከማል፣ ጉድጓድ ሠርቶ ውሃ ከሞላው አይሸከምም። ከሰመጣችሁ እግራችሁን በጉልበት አትንቀሉ፤ ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ ምርኩዙን አጋድማችሁ ተደገፉበት፣ አንድ እግር ቀስ እያላችሁ አውጡ። ቦቲው ቢቀር ይቅር።

8. ንፋስና ፀሐይን አስተካክሉ

ጠዋት ውሃው ይረጋል፤ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ንፋስ ይነሳል። በቀርከሃና በቀላል ቡሽ የምታጠምዱ ከሆነ ንፋሱን ከጀርባ አድርጉ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ክሩ ወደ እናንተ ይመለሳል። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስትሆን ጥላችሁ ውሃው ላይ ይወድቃልና ቆሮሶ ይሸሻል። ስለዚህ ጠዋት በምዕራቡ ዳር፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ አድርጎ መቀመጥ ይሻላል። ዓይናችሁን ብታንጸባርቅም ኮፍያ አለላችሁ።

ሁለቱ ከተጋጩ ንፋሱን አስቀድሙ። ጥላን ዝቅ ብሎ በመቀመጥ ማሳጠር ይቻላል፤ ንፋስን ግን አይቻልም።

9. ቦታውን በመንጠቆ ፈትኑት

ቡሹን በለካችሁት ጥልቀት ልክ፣ መንጠቆው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል አድርጋችሁ እሰሩ። ለቆሮሶ የትል ቁራጭ ወይም የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሊጥ ይበቃል፤ አፉ ትንሽ ነው፣ ትልቅ ጉርሻ ሲሰጡት ዳር ዳሩን ለቅሞ ይሄዳል። ሊጡ በዱቄትና በውሃ ብቻ ቶሎ ይሟሟል፤ ትንሽ ጥጥ ቢቦካበት ይቆያል። ለአምባዛ ሙሉ ትል ወይም ጉበት አድርጉና መንጠቆው መሬት እንዲነካ ልቀቁት።

40 ደቂቃ ጠብቁ። ቡሹ አንድ ጊዜም ካልተንቀሳቀሰ 15 እርምጃ ፈቀቅ በሉ፤ ከሦስት ፈቀቅታ በኋላም ምንም ከሌለ ወደ ሁለተኛው ቦታ ሂዱ። ቀኑን፣ የውሃውን ከፍታ (ከአንድ ድንጋይ ወይም ዛፍ አንጻር) እና ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ውሃው ያንኑ ድንጋይ ሲነካ ቦታው እንደገና ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ

*ግድቡ አካል ላይ አታጥምዱ።* የድንጋይ ድርድሩ ለዓሣ ጥሩ መጠለያ ነው፤ ዓይን ይስባል። ግን ጥበቃ ይከለክላል፣ ድንጋዩም ይንሸራተታል። ከውሃ ማስወጫውና ከማስተንፈሻው ቢያንስ 200 ሜትር ራቁ፤ ውሃው የሚሳብበት ቦታ ላይ ከላይ ምንም አይታይም። ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ።

*በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትቁሙ።* ቆጋ በሚገኝበት በጣና ተፋሰስ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው፤ ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሣር በበዛበትና ሰው በሚታጠብበት ጥልቀት የሌለው ዳር፣ በተለይም እኩለ ቀን ላይ። እጃችሁ ከረጠበ ወዲያው በፎጣ አድርቁ። ዓሣውንም ከቤት ባመጣችሁት ውሃ እጠቡ።

*የመርጫ መሣሪያ ከሚታጠብበት ዳር ራቁ።* ሽንኩርትና ድንች ላይ ፀረ ተባይ የረጨ ሰው መሣሪያውን ውሃው ዳር ሊያለቀልቅ ይችላል። የሞቱ ትንንሽ ዓሦች ተንሳፍፈው ካያችሁ ከዚያ አካባቢ ምንም አትውሰዱ።

*መብረቅ።* በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት ደመና ሲጠቁር ዘንጉን አስቀምጡና ከውሃው ራቁ። የካርቦን ዘንግ መብረቅ ይጠራል፣ የረጠበ ቀርከሃም አይታመንም። ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

*ወባ።* ከመስከረም እስከ ኅዳር አመሻሽ ላይ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

*የአምባዛ ክንፍ።* ሁለቱ የጎን ክንፎች እሾህ አላቸው። ከራሱ በስተኋላ፣ ከክንፎቹ በላይ በጨርቅ ያዙት።

የተለመዱ ስህተቶች

መኪና ከሚቆምበት ቅርብ ቦታ መቀመጥ። እዚያ ሁሉም ይቀመጣል፤ ዓሣው የቀረው ተጠራጣሪው ነው። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ብትራመዱ የዳሩ ሰው ይቀንሳል።

መረብን አለማየት። የመረብ ምልክት ቀይ ኳስ አይደለም፤ ውሃ ላይ የምታገኙት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጀሪካን ቁራጭ ወይም የተተከለ እንጨት ነው። ሁለት ጠርሙስ በአንድ መስመር ካያችሁ በመካከላቸው መረብ አለ፤ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። መንጠቋችሁ መረብ ከያዘ ክሩን ከእናንተ በኩል ቁረጡ፣ መረቡን ጎትታችሁ አትቅደዱ፤ ለባለቤቱም ንገሩ።

የጥቅምቱን ቦታ በየካቲት መጠበቅ። ውሃው ሲርቅ ተከትለው ጭቃው ውስጥ የሚገቡት ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው።

በክረምት የገባር ወንዞች አፍ ላይ ማጥመድ። ነጭ ዓሣ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ የሚወጣው ያኔ ነው፤ አምባዛም ወደ ጎርፉ ሣር ይገባል። በቀላሉ ይያዛል፣ ጉዳቱ ግን ለከርሞ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከወንዝ አፍ ራቅ ብላችሁ ሰፊው ዳር ላይ ተቀመጡ።

ክር ዳር ላይ መጣል። የናይሎን ክር የበግና የጥጃ እግር ይጠመጥማል። አንድ እረኛ አንድ ጊዜ ጥጃውን ከክር ከፈታ፣ ያን መውረጃ ለማንም አይፈቅድም። የተቆረጠውን ክር ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ቤት ስትደርሱ አቃጥሉት።